ስለ ሲኮች ብዙ ጊዜ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዱባይ ወይም ለንደን የኖረ ሰው ጥምጥም ያሰረና ጢሙን ያሳደገ ሕንዳዊ ሳያይ አይቀርም። ብዙዎቻችን «ሙስሊም ነው» ብለን እናልፋለን። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። የሲክ እምነት ራሱን የቻለ ሃይማኖት ነው፤ የጀመሩትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1469 ዛሬ ሕንድና ፓኪስታን በተካፈሉት ፑንጃብ የተወለዱት ጉሩ (መምህር ማለት ነው) ናናክ ናቸው። አንድ ፈጣሪ ያመልካሉ፤ ለጣዖት አይሰግዱም። «የሂንዱና የእስልምና ቅልቅል» የሚለውንም ሲክ ፊት ባትሉት ይሻላል።

ጥምጥሙ ከአምስቱ የእምነት ምልክቶች አንዱ ይመስለናል። አይደለም። ምልክቱ ከሥሩ ያለው ያልተቆረጠ ጸጉር ነው። የቀሩት አራቱ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ የጥጥ ቁምጣና ኪርፓን የሚባለው ስለት ናቸው። ምልክቶቹን በ1699 ኻልሳ የተባለውን ማኅበር ከመሠረቱት ከጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ጋር ያያይዟቸዋል።

አምባሩን ጌጥ ነው ማለት ማተብን ሀብል እንደማለት ነው። ተራ ብረት የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ኪርፓኑም ለጠብ አይደለም፤ የተበደለን የመከላከል ግዴታን ያስታውሳል። ግን አምስቱንም ያላደረገ ሁሉ ሲክ አይደለም አትበሉ። ግዴታው በተለይ ኻልሳ ለገቡት ነው።

«ሲንግ» የተባለ ሁሉ ሲክ ነው ማለትም ያስታል። ትርጉሙ አንበሳ ነው፤ ብዙ ሂንዱዎችም ይጠሩበታል።

«አሁን ያለው ጉሩ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅም አለ። ከ1708 ወዲህ ጉሩው ቅዱስ መጽሐፉ ነው፤ 1430 ገጽ። እንደ ንጉሥ ነው የሚያከብሩት። ቀን ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ ሆኖ በጭራ ይራገብለታል፤ ማታ በጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ማረፊያው ይወሰዳል። ሆኖም የሚያመልኩት ወረቀቱን አይደለም።

ቤተ አምልኳቸው ጉርድዋራ ከሄዳችሁ ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። ራስ መሸፈን ደግሞ ለወንድም ለሴትም ነው፤ ነጠላ ይበቃል። ሲጋራ ኪስ ውስጥም ቢሆን ይዞ መግባት ነውር ነው። እግርን ወደ መጽሐፉ ዘርግቶ መቀመጥም እንዲሁ።

ከዚያ ማዕዱ፣ ላንጋር፣ አለ። በሕንዷ ከተማ አምሪትሳር ባለው ወርቃማው ቤተ መቅደስ ሌት ተቀን ይበላል፤ ሀብታም ደሃ ሳይባል መሬት ላይ ጎን ለጎን፣ በነፃ። በይሉኝታ «በልቻለሁ» አትበሉ። አንሥታችሁ ማትረፍ ግን አይወደድም።

ለጾመኛ አንድ ነገር ልጨምር። ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። ምስሩ በቅቤ ሊቁላላ ይችላል፤ ጣፋጩ ሩዝ በወተት ነው የሚሠራው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ቂጣው ላይም ቅቤ እንዳለ ጠይቁ።