ጫሞ ለምትወርዱ ዓሣ አጥማጆች፦ ከስንቁ በፊት መንጠቆውን ቁጠሩ

ከሐዋሳ ተነሥታችሁ ጫሞ ሐይቅ ዳር ሁለት ሦስት ቀን ዓሣ ልታጠምዱ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ የለመዳችሁትን ቀጭን ክር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። እዚህ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ በምንለው ዳርቻ፣ ለቆሮሶ (ለቲላፒያ) ይበቃል፤ ቢበጠስም ቤት ቅርብ ነው። ጫሞ ውስጥ ግን ነጭ ዓሣ የምንለው ናይል ፐርች አለ። ዝርያው እስከ 2 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ አፉ ሻካራ፣ የስንጥቡ ክዳንም ስለታም ስለሆነ ክር ይበላል። ስለዚህ ከመንጠቆው በላይ ያለውን አንድ ሜትር ያህል በወፍራም ክር ቀጥሉት።

መንጠቆ ደግሞ ይበቃኛል ከምትሉት እጥፍ ያዙ። ምክንያቱም ጫሞ አዞ አለበት! መንጠቆ ሥር ወይም ድንጋይ ሲይዝባችሁ ሐዋሳ ላይ እንደለመዳችሁት ውሃ ውስጥ ገብታችሁ አታላቅቁትም፤ ክሩን ቆርጣችሁ ትተዉታላችሁ። እኔ ለሦስት ቀን ከ20 አላሳንስም፤ ግማሹን በአንድ ቆርቆሮ፣ ግማሹን በሌላ ቦርሳ አደርጋለሁ። መለዋወጫ ክርም እንዲሁ። አንድ ቦርሳ ቢረጥብ ወይም ቢጠፋ ጉዞው አይበላሽም።

ማታ ማታ የክሩን ጫፍ በጥፍራችሁ ዳስሱት። የሻከረ ቦታ ካገኛችሁ ሳትሳሱ ቁረጡና እንደ አዲስ ቋጥሩ። ትልቁ ዓሣ የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚያች በሻከረች ቦታ ነው። ፒንሳና ትንሽ ሞረድ አትርሱ፤ የደነዘ መንጠቆ በሞረድ ይድናል።