ለደሴና ለኮምቦልቻ ሱቆች፦ የዳታ ትንተና ኤፒአይ ቁልፍ ቃላት

ደሴ ተቀምጦ ኮምቦልቻ ድረስ በድረ ገጽ የሚሸጥ ሱቅ የየዕለቱን የሽያጭና የጎብኚ ቁጥር በእጅ መገልበጥ አይጠበቅበትም፤ በኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ መረጃ በሚለዋወጡበት መንገድ) በኩል በቀጥታ ወደ ራሱ ሠንጠረዥ ማምጣት ይችላል። ኮዱ አጭር ነው። ሪፖርቱን የሚያበላሸው ቃላቱን በግምት መረዳት ነው።

ከቁልፉ ይጀምሩ። የኤፒአይ ቁልፍ፣ ወይም ቶከን፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ ለሰርቨሩ (መረጃውን ለሚሰጠው ኮምፒውተር) ያሳውቃል። ለሪፖርት የሚሆነውን ማንበብ ብቻ እንዲችል አድርገው ያውጡ። ደንበኛው ስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ ውስጥ በፍጹም አይጻፉት፤ ፈልጎ የሚያወጣው አይጠፋም። ቁልፉ ሾልኮ ከወጣ ወዲያውኑ ሰርዘው ሌላ ያውጡ። ሰርቨሩ በምላሹ የስህተት ቁጥር 401 ከላከ ቁልፉ ተሳስቷል ወይም ጊዜው አልፏል፤ 403 ካለ ቁልፉ ታውቋል፣ ፈቃድ ነው የጎደለው።

ኤንድፖይንት ጥያቄው የሚላክበት አድራሻ ነው። በጥያቄው ውስጥ ሜትሪክና ዳይሜንሽን ይጠቀሳሉ። ሜትሪክ የሚቆጠረው ነው፦ ትእዛዝ፣ ሽያጭ በብር፣ ጎብኚ። ዳይሜንሽን ቁጥሩ የሚከፋፈልበት ነው፦ ከተማ፣ ቀን፣ የስልክ ዓይነት። ትእዛዝና ብር ይደመራሉ፤ ልዩ ጎብኚ (ቢመላለስም አንዴ ብቻ የሚቆጠር ሰው) ግን አይደመርም። ሰኞም ማክሰኞም የገባ አንድ ሰው የየዕለቱ ቁጥር ሲደመር 2 ይሆናል፣ ለሳምንቱ ግን 1 ነው። ስለዚህ የሳምንቱን ጎብኚ ለብቻው ይጠይቁ።

ከተማ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚገመተው ከአይፒ አድራሻ (መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ ከሚታወቅበት ቁጥር) ስለሆነ የኮምቦልቻው ደንበኛ አዲስ አበባ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። መፍትሔው ትእዛዙ ሲላክ ዕቃው የሚደርስበትን ከተማ አብሮ መላክ ነው፤ ያንንም ደንበኛው ራሱ ከሚጽፈው ከዝርዝር ቢመርጠው ይሻላል። አለዚያ «ደሴ»፣ «ደሴ ከተማ» እና «ደሤ» ሦስት ከተሞች ሆነው ይወጣሉ።

ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው በሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) በ3 ሰዓት ይቀድማል። የሰዓት ክልሉ ዩቲሲ እንደሆነ ከተተወ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የመጣ ትእዛዝ በፊተኛው ቀን ይቆጠራል። በማስተካከያው «አፍሪካ/አዲስ አበባ» የሚለውን ይምረጡ። ቀኑም በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ይላካል፦ የመስከረም 2018 ሪፖርት ከ2025-09-11 እስከ 2025-10-10 ነው። የመጨረሻው ቀን ይካተት እንደሆነ የኤፒአዩን መመሪያ ሰነድ ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ኤፒአይ አያካትተውም።

ምላሹ አብዛኛውን ጊዜ በጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ)፣ በገጽ በገጽ ተከፋፍሎ ይመጣል። ገደቡ 1,000 ረድፍ ከሆነና ውጤቱ 2,350 ከሆነ ሦስት ገጽ አለ። የመጀመሪያውን ብቻ ቢያነቡ ምንም ስህተት አይታይም፣ ቁጥሩ ግን ከግማሽ በታች ነው። ከርሰር የሚባለው የቀጣዩ ገጽ ምልክት ባዶ እስኪሆን ይጠይቁ፤ እያንዳንዱን ገጽ ካስቀመጡ በኋላም ከርሰሩን ይመዝግቡት። መብራት ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥ ከዚያው ይቀጥላሉ። የተደገመ ረድፍ እንዳይገባ በትእዛዝ መለያ ቁጥሩ ያጣሩ።

ጥያቄ ሲበዛ 429 ይመጣል። ምላሹ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅ ከነገረዎት ያንን ያክብሩ፤ ካልነገረዎት 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያሉ ያራዝሙ። የሰርቨሩን ችግር የሚያሳዩት 500 እና 503 ሲመጡም እንዲሁ ያድርጉ። 400 ከሆነ ግን የተሳሳተው ጥያቄው ራሱ ነውና ሳያርሙ ደግመው አይላኩት።