የእናቴን የዋንዛ ሣጥን ከእምክ ሽታ ያላቀቅሁበት መንገድ

ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤታችን ጓዳ ውስጥ፣ ከጭቃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ብዙ ክረምት ያሳለፈው የእናቴ የዋንዛ ሣጥን በተከፈተ ቁጥር እምክ እምክ ይል ነበር፤ ታጥቦ የገባ ነጠላ እንኳ ያንኑ ሽታ ይዞ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ በወይራ አጠንሁት። ወይራው ግን ሽታውን ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ሣጥኑን ከግድግዳው ሳርቀው ነው፤ ቫርኒሽ ያልነካው የጀርባው ሳንቃ ነጣ ባለ ሻጋታ ተሸፍኖ፣ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፍ ነበር። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ሻጋታውን ከቤት ውጭ በደረቅ ብሩሽ አራገፍሁ፤ ቀጥሎም ከውሃ ጋር እኩል በእኩል በቀላቀልሁት አቼቶ ጨርቅ ነክሬ፣ በደንብ ጨምቄ፣ ውስጡንም ጀርባውንም ወለወልሁ። ጨርቁን መጭመቅ ግድ ነው፣ ውሃ የጠጣ ሳንቃ እንደገና ይሻግታልና። ከዚያም ክዳኑን ከፍቼ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ለ4 ቀናት አቆየሁት፤ የቀትር ፀሐይ እንጨቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ፀሐይ ላይ ማውጣቱን አልደፈርሁም።

የቀረውን ሽታ ያወጣው ከሰል ነው። ከአዊ የመጣ ያልነደደ ከሰል በሳህን አድርጌ አስቀመጥሁና ክዳኑን ገጥሜ አንድ ሳምንት ተውሁት፤ በከሰሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሽታውን ይዘው ያስቀራሉ። በመጨረሻም ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አንድ እጅ ቫርኒሽ ቀባሁትና፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቄ በ4 ጡቦች ላይ አስቀመጥሁት። ክረምቱ አልፎ በመስከረም ስከፍተው የሸተተኝ እንጨቱ ብቻ ነው።