ዘፈኑንም አድማጩንም ሳያጡ መብትን ማስከበር፦ ለወጣት ባንዶች

ይህን የምጽፈው ጊታራቸውን በጀርባቸው አዝለው ፒያሳ ለሚመላለሱ፣ ከባድ ሮክና ሜታል ለሚጫወቱ ወጣቶች ነው። ሥራዬ የተቀረጸ ሙዚቃን ለአድማጭ ማድረስ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ድምፅ አስተካክላለሁ፣ ውል አዘጋጃለሁ፣ አልበም ሲወጣ ደግሞ ያለ ፈቃድ የት የት እንደተለጠፈ እከታተላለሁ። ባንዶች ብዙውን ጊዜ ወደ እኔ የሚመጡት ከተሰረቁ በኋላ፣ ደማቸው ፈልቶ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም «ያወረዱትን ሰዎች በምን እንክሰሳቸው?» የሚል ነው። የእኔ መልስ አይለወጥም፦ ዘፈናችሁን የሚቸበችበውን ተከታተሉ፣ የሚሰማውን አትንኩ።

ለሌባ አዝኜ አይደለም። ሰው ለስቱዲዮ የሚከፍለውን ከምሳው ቀንሶ አጠራቅሞ የሠራውን ሥራ ሌላው በአንድ ጀምበር ሲነግድበት ማየት ያንገበግበኛል። ነገር ግን በሕግ ባለመብት መሆንና በሰው ልብ ውስጥ መቆየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ከሜታሊካ የበለጠ ያሳየ ባንድ የለም፤ ስለዚህ ወደ መመሪያው ከመግባቴ በፊት ታሪኩን ልንገራችሁ።

ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በ1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተመሠረተ። ዝናው የወጣው በተባዛ ካሴት ነው። በ1982 የቀረጹት የሙከራ ካሴት ከአድማጭ ወደ አድማጭ እየተገለበጠ፣ በፖስታ ከከተማ ከተማ እየተላከ፣ የመጀመሪያ አልበማቸው ገና ሳይታተም ስማቸው ቀድሟቸው ሄደ። ለግልበጣው ፈቃድ የጠየቀም የከለከለም አልነበረም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 2000 መጣ። ሾን ፋኒንግና ሾን ፓርከር ከዚያ በቀደመው ዓመት የጀመሩት ናፕስተር የሚባል አገልግሎት ሰዎች በኮምፒውተራቸው ያለውን ሙዚቃ እርስ በርስ በነፃ እንዲለዋወጡ ያደርግ ነበር። ሜታሊካ ለአንድ ፊልም ያዘጋጁት፣ ገና ያላለቀ ዘፈን እዚያ ላይ ተገኘ፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም ያጫውቱት ጀመር። ባንዱ በኤፕሪል ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ናፕስተርን ከሰሰ፤ ከናፕስተር ጋርም ዩኒቨርሲቲዎችን ጨመረ። እስከዚህ ድረስ አብሬያቸው ነኝ። ያልተጨረሰ ሥራን አደባባይ ማውጣት የባለቤቱ ውሳኔ እንጂ የማንም አይደለም።

ጥፋቱ የመጣው ሜይ 3 ቀን ነው። ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ በካርቶን የታጨቀ የወረቀት ክምር ይዞ፣ ካሜራ እየተከተለው ናፕስተር ቢሮ ደጃፍ ደረሰ። ወረቀቱ ላይ የ335,435 ተጠቃሚዎች መጠሪያ ታትሟል። ናፕስተርም ከ300,000 በላይ የሚሆኑትን አገደ። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? የሜታሊካን ዘፈን ፈልገው ያገኙና ለሌላው ያካፈሉ፣ ማለትም ባንዱን ከማንም በላይ የሚወዱ ናቸው። ግድግዳው ላይ የባንዱን ፖስተር የለጠፈ ልጅ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የታገደው በዚያው ባንድ ጥያቄ መሆኑን አወቀ።

ኡልሪክ በጁላይ የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሰከረ፤ ከናፕስተር ጎን ከቆመው ራፐር ከቸክ ዲ ጋርም በቴሌቪዥን ተከራከረ። ጉዳዩ የገንዘብ ሳይሆን በገዛ ሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን እንደሆነ ደጋግሞ ለማስረዳት ሞክሯል፤ ትክክልም ነበር። ሰው የሰማው ግን «የጠገቡ ሚሊየነሮች ተማሪ ያሳድዳሉ» የሚለውን ነው። ናፕስተር በጁላይ 2001 አገልግሎቱን አቋረጠ፣ ክሱም በዚያው ወር በስምምነት ተዘጋ። ባንዱ ላይ የተለጠፈው ስም ግን ክሱ ሲዘጋ አብሮ አልተዘጋም፤ ዛሬም የሙዚቃ ስርቆት በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል። አልበማቸውን በሚሊዮን ለሚሸጡ ሰዎች እንኳ ይህ ከባድ ነበር። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ መድረክ ላይ ሲጫወት ሊሰማው የሚመጣውን ሰው ፊት ለፊት ለሚያውቀው ጀማሪ ባንድ ደግሞ ሞት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

ከስቱዲዮ ሳትወጡ

ሾልኮ የሚወጣ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከውስጥ ነው። ከባንዱ አባል ለጓደኛ፣ ከጓደኛ ለዘመድ፣ ከዘመድ ለቴሌግራም ቡድን። ሜታሊካን ያበሳጨውም ያላለቀ ቅጂ መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ ያላለቀ ሥራ ለማንም በቴሌግራም አትላኩ። አባላቱ ቤታቸው ወስደው ማዳመጥ ካለባቸው ለእያንዳንዱ የተለየ ቅጂ ስጡ፦ በዘፈኑ መጨረሻ ላይ የምትተዉትን ጸጥታ ለአንዱ አንድ ሰከንድ፣ ለሌላው ሁለት፣ ለሦስተኛው ሦስት አድርጉና ማን የትኛውን እንደወሰደ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ቅጂው የሆነ ቦታ ብቅ ሲል ርዝመቱን ለክቶ ምንጩን ማወቅ ይቻላል። ዓላማው ልጁን ማዋረድ አይደለም፤ ለማን እንደሰጠ ጠይቆ ቀዳዳውን መድፈን ነው።

ወረቀቱንም እዚያው ጨርሱ። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ቅንብሩስ? ስቱዲዮው በቅጂው ላይ ድርሻ አለው ወይስ ለአገልግሎቱ ተከፍሎት አብቅቷል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ እንደሆነ ይደነግጋል። በቡና ላይ የተደረገ የቃል ስምምነት ዘፈኑ ሲወደድ አይጸናም። ሥራው ተቀርጾ እንደተቀመጠ መብቱ ያለ ምንም ምዝገባ የእናንተ ነው። ቢሆንም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግባችሁ የምስክር ወረቀት ብትይዙ ባለቤትነታችሁን ለማስረዳት እጅግ ያቀላል። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በቁጥር 872 ስለተሻሻለ ሁለቱንም አንድ ላይ አንብቡ።

በዚያው አዋጅ ውስጥ ወጣቶቹን የማስነብባቸው አንድ አንቀጽ አለ። ከአንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ግለሰብ ታትሞ ከወጣ ሥራ ላይ ለግል መጠቀሚያው ብቻ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም ይላል። ለራሱ በሚያዳምጠውና ገበያ በሚያወጣው መካከል ሕጉ ራሱ መስመር አስምሯል። እናንተም መስመሩን ጠብቁ።

የሚለቀቅበት ቀን

ሰው ከሌባ የሚወስደው አንዳንዴ ነፃ ስለሆነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የመጀመሪያው ሌባው ስለሆነ ነው። አልበሙ አርብ ይወጣል ተብሎ ዩቲዩብ ላይ አርብ ጠዋት፣ ሌላው መተግበሪያ ላይ ማክሰኞ፣ የራሳችሁ ቴሌግራም ላይ «በቅርቡ» ከሆነ መካከሉን ሌላው ይሞላዋል። ሁሉንም በአንድ ሰዓት ክፈቱ። በቴሌብር መክፈያ አዘጋጁ፣ ዋጋውን ተማሪ በማይሸሸው ልክ አድርጉ። አገር ውስጥ ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ የጀመሩት አውታር ዘፈን በስልክ መግዛት እንደሚቻል አሳይቷል፤ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነ አድማጭ አለ፣ መንገዱ ግን አጭር መሆን አለበት።

ፋይሉን ራሱን ደግሞ አደራ። አንድ ጊዜ ተሰርቆ የተለጠፈ የዘፈን ፋይል ከፍታችሁ መረጃውን ተመልከቱ፦ «አርቲስት» በሚለው ቦታ የቻናሉ አድራሻ ገብቷል፣ «አልበም» በሚለው ቦታ የቻናሉ አድራሻ ገብቷል፣ የሽፋኑ ሥዕል ላይ የቻናሉ ምልክት ታትሟል። የባንዱ ስም የትም የለም። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያመኝ ይህ ነው። ልጁ ዘፈኑን ወዶት እንኳ ማን እንደተጫወተው ሳያውቅ ይኖራል። ስለዚህ በእናንተ እጅ የሚወጣው ፋይል ከሁሉ የተሻለ ይሁን፦ ድምፁ የጠራ፣ የግጥም፣ የዜማና የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም የተጻፈበት፣ ግጥሙ የተካተተበት፣ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለው የአይ ኤስ አር ሲ መለያ (ለእያንዳንዱ የተቀረጸ ዘፈን የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለያ) የተሰጠው። በሌባው እጅ ያለው ቅጂ ከእናንተው ጋር ሲነጻጸር ጎዶሎ ሆኖ ይታይ።

በነፃ የሚለቀቅ ነገርም ይኑራችሁ። ሜታሊካ አድማጮች የመድረክ ሥራቸውን እንዲቀርጹ ይፈቅዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የየኮንሰርቱን ቅጂ ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ። ይህን ሁሉም ባንድ ቢኮርጅ ደስ ይለኛል። መድረክ ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጸውን ልጅ አትከልክሉት። የሙከራ ቅጂዎችን፣ የልምምድ ቅጂዎችን «እንደፈለጋችሁ ተቀባበሉት» ብላችሁ በግልጽ ጽፋችሁ ልቀቁ። የተፈቀደው በግልጽ ሲታወቅ ያልተፈቀደውም ይከበራል።

ተሰርቆ ሲገኝ

መጀመሪያ ማስረጃ፦ የገጹን ፎቶ ከነቀኑ፣ ከነአድራሻው፣ ከነተመልካቹ ቁጥር አስቀሩ። ከመጻፋችሁ በፊት ይሁን፤ ከተጻፈለት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ቀጥሎ ለቻናሉ ባለቤት በግል ጻፉ። እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፤ ውሰዱት፦

«ጤና ይስጥልኝ። የዚህ አልበም ባለቤቶች ነን። ቻናልዎ ላይ የተለጠፈው ያለ እኛ ፈቃድ ነው። ሥራችንን ወደውት ለሰው ለማድረስ እንደፈለጉ እንረዳለን። እስከ ነገ ማታ አንድ ሰዓት ድረስ ፋይሎቹን አንሥተው በምትካቸው ከዚህ በታች ያለውን የኛን አድራሻ እንዲለጥፉ በአክብሮት እንጠይቃለን። ይህ ካልሆነ ለቴሌግራም አቤቱታ እናቀርባለን።»

ስድብ የለውም፣ ልመናም የለውም፣ ቀነ ገደብ አለው። ብዙዎቹ ቻናሎች የሚተዳደሩት በወጣቶች ነው፤ ሰው አክብሮ ሲያናግራቸው ያነሣሉ። እምቢ ያለውን ለቴሌግራም የቅጂ መብት ክፍል በኢሜይል አመልክቱ፤ እነሱ የሚያዩት ለሕዝብ ክፍት የሆነን ቻናል እንጂ የግል ውይይትን አይደለም።

ዩቲዩብ ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ቪዲዮ በአቤቱታ ሲነሣ የጠያቂው ስም በቪዲዮው ቦታ ላይ ለተመልካች ይታያል። «በእገሌ ባንድ የቅጂ መብት ጥያቄ ምክንያት» የሚለው ጽሑፍ የሚነበበው ለሌባው ብቻ አይደለም። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ (ቪዲዮ በአቤቱታ ሲነሣ ቻናሉ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ምልክት) ያገኘ ቻናል ሊዘጋ ስለሚችልም የአንድ ልጅ የዓመታት ሥራ በእጃችሁ ነው። ስለዚህ ፎርሙ ላይ የሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውን አማራጭ ምረጡ፤ ባለ ቻናሉ በዚያ ጊዜ ካነሣው ስትራይክ አይደርስበትም። ሙሉ አልበም ለጥፎ በማስታወቂያ የሚያተርፈውንና ዘፈናችሁን በጊታሩ ተጫውቶ የለጠፈውን አትቀላቅሉ። ለሁለተኛው አስተያየት መስጫው ላይ አመስግኑት። ዘፈናችሁን በአከፋፋይ በኩል የምታወጡ ከሆነ ደግሞ የዩቲዩብ የድምፅ መለያ ሥርዓት ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ፤ ቪዲዮው ሳይነሣ የማስታወቂያ ገቢው ለእናንተ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል።

ሱቆቹን በአካል ሂዱባቸው። ስልክና ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚጭኑት ልጆች ከስንት አንዱ ብቻ ነው የባንዱን ሰው በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ። ፒያሳ የሙዚቃ ሰፈር ነበር፤ ዐምሀ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም የጀመረው እዚሁ ነው፣ «ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ጋ» እየተባለም ይቀጣጠሩ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቆቹ ተበታተኑ፣ ጫኚዎቹ ግን ሌላ ቦታ እየሠሩ ነው። ጠዋት፣ ገበያ ሳይደራ ሂዱ። «ወንድሜ፣ ይህ የኛ ሥራ ነው» ብላችሁ ንጹሑን ፋይልና አንድ ፖስተር ስጡ፣ በምን ዋጋ እንደሚጭንና ለእናንተ ምን ያህል እንደሚደርስ ተስማሙ፣ በአንድ ገጽ ላይ ተፈራረሙ።

ስለ ጉዳዩ በአደባባይ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ምረጡ፤ የሚጮኸውን ሳይሆን ረጋ ያለውን። «አድማጮቻችን ሰረቁን» የሚል ቃል ከአፉ አይውጣ። የሚናገረው ስለ ሻጩና ስለ ሥራው ይሁን፦ አልበሙ ስንት ወር እንደፈጀ፣ ማን ማን እንደደከመበት፣ የት እንደሚገኝ።

ፋይሉን ያነሣላችሁን ባለ ቻናል ደግሞ ስሙን መዝግቡት። ኡልሪክና የናፕስተሩ ሾን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2012 የሜታሊካ ሥራዎች ስፖቲፋይ ላይ መግባታቸው ሲበሰር አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እናንተ ያን ያህል አትጠብቁ። የሚቀጥለው ዘፈን በሚወጣበት ጠዋት አድራሻውን፣ ሽፋኑንና የሠላሳ ሰከንድ ማስደመጫውን ለዚያ ሰው ላኩለት፤ ተከታዮቹን ወደ እናንተ ያምጣቸው።