በስምጥ ሸለቆ አዲስ ቤት ለሚገቡ፦ ስለ ውሃ ማጣሪያና ስለ ኢንተርኔት

በዝዋይ፣ በሐዋሳ ወይም በሌላ የስምጥ ሸለቆ ከተማ የጉድጓድ ውሃ ወደሚጠቀም አዲስ ቤት የሚገቡ ከሆነ፣ ማጣሪያ ከመግዛትዎ በፊት በውሃው ውስጥ ፍሎራይድ (ከመሬት ውስጥ ድንጋይ ወደ ውሃ የሚገባ ማዕድን) ምን ያህል እንዳለ በላቦራቶሪ ያስመርምሩ። በአካባቢው ብዙ ጉድጓዶች የፍሎራይዱ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ ስለሚበልጥ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ መጠኑ ከፍ ያለ ውሃ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ክምችቱ ይጨምራል። የተለመደው የሸክላ ማጣሪያም ለዚህ አይረዳም። የሚያስፈልገው በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት እጅግ ረቂቅ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን በማሳለፍ) ወይም በአጥንት ከሰል (ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት በተዘጋጀ ከሰል) የሚሠራ ማጣሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ብዙ ውሃ ስለሚያባክን፣ በእኔ አስተያየት ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በሚውለው ቧንቧ ላይ ብቻ መግጠሙ ይበቃል። ሻጩ የምርመራ ውጤት ሳይጠይቅ ዕቃ ከመረጠልዎ ግዢውን ያቆዩት።

ለኢንተርኔት ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም የፋይበር መስመር እስከ ግቢው መድረሱን ውል ከመፈረምዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ካልደረሰ የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ሲም ካርድ እያፈራረቁ፣ ተጠቃሚ በሚበዛበት የምሽት ሰዓት፣ ራውተሩ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ፍጥነታቸውን ይለኩ።