ወረቀቶቻችሁ አንድ ቃል ይናገሩ፦ ከጎንደር ሆናችሁ ለአሜሪካ ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ስታመለክቱ

መስከረም ሲጠባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። አንዱ ከአዘዞ፣ አንዷ ከማራኪ፣ ሌላው ከደንቢያ መጥቶ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብሎ። ጥያቄው ያው ነው፦ «ጋሼ፣ ድርሰቱን ጨርሻለሁ፣ የገንዘቡን ፎርም ግን እንዴት ነው የምሞላው?» ሁሉም የሚፈራው ፎርሙን ነው። ፎርሙ ግን ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ከፎርሙ በኋላ ያለው ነው፣ ኮሌጁ «እስቲ ያልከውን በማስረጃ አሳየኝ» የሚልበት ደረጃ። ቬሪፊኬሽን ይሉታል።

እዚያ ቢሮ የተቀመጠውን ሰው አስቡት። ጎንደርን አያውቅም። ቀበሌ ምን እንደሆነ፣ እቁብ ምን እንደሆነ፣ እናታችሁ ለምን በአባታችሁ ስም እንደማትጠራ አያውቅም። ፊቱ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። አንዱ ወረቀት ከሌላው ሲጣላበት ፋይላችሁን ወደ ጎን ያደርግና ይጠይቃችኋል፣ መልስ እስክትሰጡ ድረስ ነገሩ ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ሥራችሁ ወረቀቶቻችሁን ቀድሞ ማስታረቅ ነው። አልታረቅ ያለውን ደግሞ ሳትጠየቁ ማስረዳት።

መጀመሪያ ፎርሙን እንለይ። ፋፍሳ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ፎርም ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶችና ለጥቂት ሌሎች ነው። ከዚህ ተነስታችሁ በተማሪ ቪዛ ለመሄድ ካሰባችሁ አይመለከታችሁም። የእናንተ አብዛኛውን ጊዜ ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል የሚባለው የገንዘብ ድጋፍ ፎርም ነው፣ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚያዘጋጀው። ኦክቶበር 1 ይከፈታል፣ በእኛ አብዛኛውን ዓመት መስከረም 21 ግሸን ማርያም ዕለት። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኮሌጅ 16 ዶላር ያስከፍላል። በዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ ለደላላ አትክፈሉ፣ በቀጥታ ለኮሌጁ ኢሜይል ጻፉ። አንዳንዱ ከክፍያ ነጻ የሚያደርግ ኮድ ይልካል፣ አንዳንዱ በምትኩ ነጻ የሆነ የራሱን ፎርም ይቀበላል። መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ስም። ትልቁ ጣጣ ይህ ነው።

የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም። የእናንተ ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ በቃ። ፎርሙ ግን «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» ብሎ ይጠይቃል። ፓስፖርት ካላችሁ አትፈላሰፉ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ። ኮሌጅ ማመልከቻው ላይ፣ ፈተና የተመዘገባችሁበት ላይ፣ የገንዘብ ፎርሙ ላይ፣ ኢሜይላችሁ ላይ ሳይቀር ያው ይሁን። ፓስፖርት ከሌላችሁ አንድ አጻጻፍ ምረጡና እስከ መጨረሻው አትልቀቁት፣ ፓስፖርቱንም ስታወጡ በዚያው አስጽፉ። ፀሐይን አንዱ በእንግሊዝኛ በቲ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ነው።

ከዚህ የባሰው አጭር አጻጻፍ ነው። ገብረመድኅን የሚለውን ስም ትምህርት ቤቱ «ገ/መድኅን» ብሎ ይጽፈዋል፣ ያችው እዝባር (/) ወደ እንግሊዝኛውም ትገባለች፣ ፓስፖርቱ ላይ ግን ሙሉው አለ። አባታችሁ ቄስ ከሆኑ ደግሞ ሮስተሩ ላይ «ቄስ» የሚለው ማዕረግ ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። ትራንስክሪፕት ከማስወጣታችሁ በፊት ሬከርድ ቢሮ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ማስተካከል ደጅ መጥናት ነው፣ እኔ በአንዲት ፊደል ምክንያት ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ፣ ያውም ስህተቱን የሠራሁት እኔ ሳልሆን።

የቤተሰቡ ስም መለያየት ደግሞ የሚስተካከል ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ይብራራል። ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል ውስጥ ልዩ ሁኔታን የምትገልጹበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ በቀላል እንግሊዝኛ እንዲህ የሚል ሐሳብ አስፍሩ፦ «በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የለም። የእኔ የመጨረሻ ስም የአባቴ መጠሪያ ስም ነው፣ የአባቴ ደግሞ የአያቴ ነው። እናቴ ከጋብቻ በኋላም የምትጠራው በራሷ አባት ስም ነው። ሦስታችንም አንድ ቤት የምንኖር አንድ ቤተሰብ ነን።» አራት ዓረፍተ ነገር ናት። ስንት ኢሜይል እንደምታስቀር አትጠይቁኝ።

የልደት ቀን ላይ እንሂድ። ሰባት ዓመት ደምሮ መሄድ አይሠራም፣ ስምንት የሚሆንበት አለ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰባት ይደምራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት። ቀኑንም ጭምር አጣሩ። የጎንደር ልጅ ይህን ለመፈተን ጥምቀት ይበቃዋል፦ ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ነው። ግን ከጳጉሜ 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት አንድ ቀን ይገፋና 20 ይሆናል። አሁን ከሚያመለክቱት ብዙዎቹ የሚሌኒየም ልጆች ናችሁ፣ እና 2000 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር እንጂ 11 አልነበረም። በ2000 የጥምቀት ዕለት የተወለደች ልጅ ልደቷ ጃንዋሪ 20 ቀን 2008 ነው። የልደት ምስክር ወረቀቷ 20 ብሎ ትራንስክሪፕቷ 19 ካለ፣ የሠራው ሰው በጭንቅላቱ ነው ያሰላው ማለት ነው። ፋይዳ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ፓስፖርት ጎን ለጎን አስቀምጡና አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ገቢ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ። ኮሌጁ የሚጠይቀው በእነሱ አቆጣጠር የአንድ ሙሉ ዓመት ገቢ ነው፣ ያውም ሁለት ዓመት ወደ ኋላ። በእነሱ 2026 ሴፕቴምበር አካባቢ ትምህርት ለሚጀምር የሚታየው የእነሱ 2024 ገቢ ነው። የእኛ በጀት ዓመት ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ግብር የተከፈለበት ወረቀት ላይ «2016 በጀት ዓመት» ቢል ከእነሱ 2024 ጋር ግማሽ ለግማሽ ነው የሚገናኘው። ወላጅ ደመወዝተኛ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ከጥር 2016 እስከ ታኅሣሥ 2017 ያለውን የ12 ወር ደመወዝ በየወሩ ዘርዝሮ የሚያሳይ ደብዳቤ አስጽፉ። ያልተጣራው፣ የተቆረጠው ግብር፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው፣ እጅ ላይ የደረሰው፣ ሁሉም ለየብቻ ይውጣ። «ወርኃዊ ደመወዙ ይህን ያህል ነው» የምትል አንድ መስመር አትበቃም።

ነጋዴ ከሆነ የግብር ክሊራንስና የከፈለበት ደረሰኝ። ቁርጥ ግብር የሚከፍል ትንሽ ሱቅ ከሆነ መዝገብ አይኖረውም፣ ስለዚህ በወር ስንት እንደሚሸጥ፣ ለዕቃና ለኪራይ ስንት እንደሚወጣ፣ ስንት እንደሚተርፍ አባታችሁን ጠይቃችሁ በአንድ ገጽ ጻፉና ይፈርሙበት። ግምት መሆኑን ግለጹ። ግምት ውሸት አይደለም፣ ግምትን እንደ ሒሳብ መዝገብ ማቅረብ ነው ጣጣው።

ገበሬ ከሆነ ከቀበሌው ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩም ኮፒ። ደብዳቤው «በግብርና የሚተዳደር ነው» ብሎ እንዳያልፈው። መሬቱ ስንት ነው፣ ስንት ኩንታል ጤፍ፣ ስንት ኩንታል ሽምብራ ተገኘ፣ ስንቱ ለቤት ቀረ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ ስንት ከብት አለ። ቃዳ ተብሎ የተጻፈ ካለ በሄክታር አድርጉት፣ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ገደማ ነው። ለቤት የቀረው እህልም መጠቀስ አለበት፣ አለበለዚያ አንባቢው «እነዚህ ሰዎች በዓመት በዚህች ብር ምን በልተው ኖሩ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን እላለሁ።

አሁን የራሴን ላውራ። እኔ ስሞላ የእናቴ ደብዳቤ «ምንም ገቢ የላትም» ይል ነበር። የባንክ ስቴትመንቷ ላይ ግን በየሁለት ወሩ ብር ይገባል፣ አጎቴ ከውጭ የሚልከው። አንድ ጊዜ ደግሞ ድንገት ዳጎስ ያለ ብር ገብቶ በሳምንቱ ወጥቷል፣ እቁብ ደርሷት። እኛ ቤት ማንም ይህን «ገቢ» ብሎ አስቦት አያውቅም። ኮሌጁ ግን ሁለቱን ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «የቱን ልመን?» አለኝ። ስለዚህ ከዘመድ የሚላክ ብር ካለ ጻፉት፣ ማን እንደሚልክና በዓመት ስንት እንደሚሆን። እቁብ ከወጣ ደግሞ የራሷ ቁጠባ ተጠራቅሞ በተራዋ የደረሳት መሆኑን አስረዱ። ስቴትመንቱን ከመላካችሁ በፊት በእስክሪብቶ እየሄዳችሁ ትልልቅ ቁጥሮችን አክብቡ፣ እያንዳንዱ ክብ መልስ ይኑረው።

ብሩን ወደ ዶላር እያሰላችሁ አታቅርቡ። ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል ለውጭ ተማሪ በራሳችሁ አገር ገንዘብ ነው የሚሞላው። በተለይ ለ2024 ይህ ዋጋ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር የእነሱ 2024 ሳያልቅ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ያው ደመወዝ በሰኔ ሌላ፣ በታኅሣሥ ሌላ ይመስላል። ደብዳቤዎቹ ሁሉ በብር ይውጡ፣ ዶላር የጠየቃችሁ ካለ የየትኛውን ቀን ምንዛሬ እንደተጠቀማችሁ ጎኑ ላይ ጻፉ።

ቤት፦ የራስ ከሆነ ካርታውን፣ ኪራይ ከሆነ ውሉን፣ የቀበሌ ቤት ከሆነ የኪራይ ደረሰኙን አዘጋጁ። የቀበሌ ቤት የቤተሰቡ ንብረት እንዳልሆነ አንድ ቃል ጨምሩ።

ትርጉም ላይ ብዙ ልጆች ገንዘብ ያባክናሉ። ሁሉን ወረቀት ትርጉም ቤት ወስዶ፣ ማኅተም አስደርጎ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ማረጋገጥ። ቆይ! አንዳንድ ኮሌጅ እናንተ ወይም መምህራችሁ የተረጎማችሁትን ይቀበላል፣ አንዳንዱ ሕጋዊ ትርጉም ቤት ይላል። አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡት። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የአማርኛውን ዋናም አብራችሁ ስካን አድርጉ፣ ቀኖቹንም በሁለቱም አቆጣጠር አስፍሩ። ትርጉም ቤቱ ስማችሁን በራሱ አጻጻፍ እንዳይጽፍባችሁ ፓስፖርቱን ወይም የመረጣችሁትን አጻጻፍ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ኮሌጁ ማስረጃ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ አይዶክ በሚባለው የኮሌጅ ቦርድ መላኪያ በኩል ነው፣ አንዳንዱ በራሱ ፖርታል። ጥያቄውን ሁለቴ አንብቡና የተጠየቀውን ብቻ መልሱ። አሥር ገጽ ተጨማሪ መላክ አሥር አዲስ ጥያቄ መጋበዝ ነው። የሌለ ወረቀት ከጠየቁ፣ ለምሳሌ አገራችን ላይ የማይወጣ ዓይነት የግብር ሰነድ፣ ዝም አትበሉ። «ይህ ሰነድ በዚህ ምክንያት የለንም፣ በምትኩ ይህን አያይዣለሁ» በሉ። በስልክ ፎቶ የምታነሱ ከሆነ በቀን ብርሃን፣ ጠረጴዛ ላይ አንጥፋችሁ፣ ማኅተሙና አራቱም ጠርዝ እንዲታይ።

«ሀብታም መስዬ ልታይ ወይስ ድሃ?» የሚሉኝም አሉ። ሁለቱንም ተዉት። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. እና አምኸርስት የውጭ ተማሪ ገንዘብ መጠየቁን መግቢያው ላይ አይቆጥሩበትም፣ ብዙዎቹ ሌሎች ግን ይቆጥራሉ። ቢሆንም ቁጥር ነካክቶ መያዝ ከሁሉም የከፋ ነው፣ የገባችሁበትን ኮሌጅ እንኳ ሊያሳጣ ይችላል። «እኔ ባንክ ደብዳቤ አስወጣልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቡናችሁን ጨርሳችሁ ተነሱ። የይለፍ ቃላችሁንም ለማንም አትስጡ፣ ለእኔም ቢሆን።

ዲቪ ደርሷችሁ ወይም ግሪን ካርድ ይዛችሁ እዚያ ላላችሁት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ፋፍሳ ነጻ ነው፣ ገንዘብ የጠየቃችሁ ካለ ውሸታም ነው። ጎንደር ያሉ ወላጆቻችሁ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖራቸውም የራሳቸውን አካውንት ከፍተው መፈረም ይችላሉ። እዚያ ግን ከሲ.ኤስ.ኤስ. በተቃራኒ ገቢያቸው ወደ ዶላር ተቀይሮ ነው የሚገባው።

የመጨረሻ ቀን ደግሞ እንደ እኛ ሰዓት አይደለም። ጃንዋሪ 1 አብዛኛውን ዓመት ታኅሣሥ 23 ነው። «11:59 PM በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት» ካለ፣ ማለትም እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ይቀድሙናልና... ይቅርታ፣ እኛ ነን የምንቀድመው፣ እኔ ራሴ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። በእኛ በማግስቱ ታኅሣሥ 24 ጠዋት 1:59 ይሆናል። ያቺን ጠዋት ግን አትመኑባት። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ቤቱም በዚያ ሰዓት አይከፍትም። ከሦስት ቀን በፊት ላኩና ማረጋገጫውን ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡት።