አሳማ፣ አምባዛ፣ ጥሬ ሥጋ፦ ስለ ኦሪት ምግብ ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክርስቲያን አሳማ ይበላል አይበላም የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ያው ነው፣ አንዱ ዘሌዋውያን 11ን ይወረውራል ሌላው የሐዋርያት ሥራ 10ን ይመልሳል፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስድብ ይጀመራል። እኔ ብሉ ወይ አትብሉ ልል አይደለም፣ እሱን ከነፍስ አባታችሁ ወይ ከፓስተራችሁ ጋር ጨርሱ። ግን ከሁለቱም ወገን ተደጋግመው የሚመጡ ስህተቶች አሉ፣ እነሱን ብናስወግድ ቢያንስ የምንከራከርበትን ነገር እናውቀዋለን።

"እኛ የኦሪትን የምግብ ሕግ እንጠብቃለን" ማለት

እውነቱን እናውራ ከተባለ አንጠብቅም። አሳማ አለመብላት ከሕጉ አንዷ መስመር ናት እንጂ ሕጉ አይደለም። ዘሌዋውያን 11 ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ብሉ ይላል፣ ግመል ያመሰኳል ግን ሰኮናው አልተሰነጠቀም ስለዚህ አይሆንም፣ አሳማ ተሰንጥቋል ግን አያመሰኳም እሱም አይሆንም፣ ከዓሣ ደግሞ ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ። እንግዲህ ባሕር ዳር ሄዳችሁ ቆረሶ ብታዙ ኦሪትም ችግር የለባትም፣ አምባዛ ካዘዛችሁ ግን ቅርፊት የለውም እኮ! አምባዛን በዚሁ ምክንያት የማይነኩ አባቶችና እናቶች አሉ፣ እነሱ ቢያንስ ነገራቸው ወጥ ነው። አሳማ ሲባል ፊቱን አጨማዶ የአምባዛ ጉላሽ የሚያጣጥመው ሰውዬ ግን ምን እንደሚጠብቅ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

አይሁዶች ዛሬ የሚጠብቁት ኮሸር የሚባለው የምግብ ሕግ ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። ዘጸአት 23፥19 ላይ ጠቦቱን በእናቱ ወተት አትቀቅል የምትል አጭር ትእዛዝ አለች፣ ራቢዎቹ (የአይሁድ መምህራን) ከእሷ ተነስተው ሥጋና የወተት ተዋፅኦ አንድ ላይ እንዳይበላ፣ ድስቱና ሳህኑም እንዲለይ፣ ሥጋ የበላ ሰው ወተት ከመንካቱ በፊት ሰዓታት እንዲጠብቅ አደረጉ (ብዙዎቹ ጋ 6 ሰዓት ነው)፣ ዶሮንም እዚሁ ውስጥ አስገቧት። አሁን ክትፎን አስቡት። ጥሬ ሥጋ በንጥር ቅቤ ተለውሶ ከጎኑ አይብ ተደርጎ ሲቀርብ። ዶሮ ወጡስ ቢሆን ቅቤ ሳይገባበት መቼ ተሰራ? በኮሸር ሚዛን ከተለካ የፋሲካ መሶባችን ግማሹ ይነሳል። ስለዚህ የኛ ልማድ ከኦሪት የወረሰው ነገር አለው ቢባል ያስኬዳል፣ እንደ አይሁድ እንጠብቃለን ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

"ይሄ ጥያቄ አሁን ነው የመጣው" ብሎ ማሰብ

ይሄኛው በጣም የሚገርመኝ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ሀገራችን ውስጥ ከተጻፈ አራት መቶ ምናምን ዓመት ሆኖታል። አፄ ገላውዴዎስ (በፈረንጆቹ ከ1540 እስከ 1559 የነገሡት) በዘመናቸው ፖርቱጋሎቹና ኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ) ኢትዮጵያውያንን አይሁድነት አለባችሁ፣ ሰንበት ታከብራላችሁ፣ ትገረዛላችሁ፣ አሳማ አትበሉም እያሉ ይከሷቸው ነበር። ንጉሡ በ1555 የሃይማኖታቸውን ምስክርነት ጽፈው እነዚህን ክሶች አንድ በአንድ መለሱ። ስለ ግዝረት፣ ይሄ የሀገር ልማድ ነው፣ በኢትዮጵያና በኖባ (በዛሬው ሱዳን በኩል) ፊት እንደሚበጣው ማለት ነው አሉ። ስለ አሳማ የተናገሩት ደግሞ ባጭሩ እንዲህ ነው፣ እንደ አይሁድ የኦሪትን ሕግ ለመፈጸም ብለን አይደለም የምንከለከለው፣ የሚበላውን አንጸየፈውም ርኩስም አንለውም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድደውም። ይሄን ሲሉ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈውን ነው የጠቀሱት፣ የሚበላ የማይበላውን አይናቀው፣ የማይበላም በሚበላው አይፍረድ የሚለውን ምዕራፍ 14ን።

እዩት እስቲ። አሳማ አትበሉም ተብሎ የተከሰሰ ንጉሥ ነው፣ አንበላም ያላችሁት ልክ ነው ግን ምክንያቱን ተሳስታችኋል የሚለው። ዛሬ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ አሳማ የሚበላ ሰው ረክሷል ብሎ የሚጽፈው ልጅ እና አሳማ ስለማትበሉ ከሕግ በታች ናችሁ የሚለው ሌላኛው ልጅ ሁለቱም ይሄን ቢያነቡ ጥሩ ነበር። በነገራችን ላይ ነገሩ ኦርቶዶክስ አይበላም ፕሮቴስታንት ሁሉ ይበላል ብቻ የሚመስላቸውም አሉ፣ አድቬንቲስቶች ግን እስከዛሬ ንጹሕና ርኩስ እንስሳ የሚለውን ልዩነት ያስተምራሉ።

ትክክለኛ ነጥብን በተሳሳተ ጥቅስ መደገፍ

ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ያየው ራእይ፣ ከሰማይ የወረደው ትልቅ ሸማና በላዩ ያሉት እንስሳት፣ ብዙ ሰው "በቃ ሁሉም ተፈቀደ" ብሎ እዚያው ላይ መጽሐፉን ይዘጋል። ትንሽ ዝቅ በሉ። እዚያው የሐዋርያት ሥራ 10፥28 ላይ ጴጥሮስ ራሱ ሲፈታው፣ ማንንም ሰው ርኩስና የሚያስጸይፍ ነው እንዳልል እግዚአብሔር አሳየኝ ነው የሚለው። ሸማው ጴጥሮስን ከአሕዛብ ወገን ወደሆነው ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት እንዲገባ ያዘጋጀው ነገር ነው። ስለ መብል ራሱ መናገር ከፈለጋችሁ ማርቆስ 7፥19 አለ፣ ሮሜ 14፥14 አለ፣ እነሱን ያዙ። ከዛኛው ወገን ደግሞ "አጋንንት የገቡበት እንስሳ ነው" የሚል አለ፣ ማርቆስ 5 ላይ ያሉትን ሁለት ሺህ አሳማዎች ማለቱ ነው። አጋንንቱ ከመግባታቸው በፊት ሰው ውስጥ ነበሩ እኮ፣ ታዲያ ሰውስ?

"ለጤና ነው የተከለከለው"

ይሄ በሁለቱም በኩል ይወደዳል፣ ሳይንስ ስለሚመስል። አሳማ በሽታ አለው፣ ትል አለው፣ እግዚአብሔር ቀድሞ ስላወቀ ከለከለ። ግን ኮሶ ከምን እንደሚይዘን የማያውቅ ሐበሻ አለ? ከበሬ ሥጋ ነው፣ በሬ ደግሞ ሰኮናው የተሰነጠቀ የሚያመሰኳ፣ በኦሪት ሚዛን ንጹሕ የሆነ እንስሳ ነው። ቅድመ አያቶቻችን ንጹሕ ሥጋ በጥሬው እየበሉ በየጊዜው የኮሶ አበባ እየጠጡ ሲያሽሩት ነው የኖሩት። ጤና ቢሆን ምክንያቱ ኦሪት መጀመሪያ ጥሬ ሥጋን ነበር የምትከለክለው። ምዕራፉ ራሱ መጨረሻው ላይ (11፥44) ምክንያቱን ይናገራል፣ እኔ ቅዱስ ነኝና ቅዱሳን ሁኑ ይላል። መለየት ነው ነገሩ።

የሐዋርያት ሥራ 15ን መዝለል

ሁሉን ብሉ የሚሉት ይሄን ሲደርሱ ያፈጥናሉ። ሐዋርያት ኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ለመጡት ክርስቲያኖች ግዝረቱን አላሸከሟቸውም፣ ግን ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት ራቁ ብለው ጻፉላቸው። ደም ደግሞ ከሙሴም በፊት ለኖኅ የተሰጠ ክልከላ ነው፣ ዘፍጥረት 9፥4።

እዚህ ጋ ሁሌ የሚመጣው "ታዲያ ቁርጥ እንዴት ይበላል፣ ደም አይደለም ወይ" የሚል ነው። በደንብ የታረደ በሬ ደሙ ፈሷል፣ ሥጋው ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው በአብዛኛው ጡንቻው ውስጥ ያለ ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ነው። ውጭ ሀገር ያላችሁም የሱፐርማርኬት ዶሮ "የታነቀ" ይመስላችኋል፣ በተለመደው አሠራር ግን መጀመሪያ ይደነዝዛል ከዛ አንገቱ ተቆርጦ ደሙ ይፈሳል። በስመ አብ ተብሎበታል ወይ ካላችሁ አልተባለበትም፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ያ ሌላ ጥያቄ ደግሞ ከኦሪት ጋር ባይቀላቀል ጥሩ ነው። እኛ ሀገር ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ ሥጋ ቤቱም ለየብቻ ነው። ዘሌዋውያን ውስጥ ስለዚህ ምንም የለም፣ የሃይማኖት ድንበርና የማንነት ነገር ነው። ጅዳ ወይም ኩዌት የምትሠራ እህታችን ግን ያገኘችው ሥጋ ሁሉ ሀላል ነው፣ አንዱ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥25ን ጠቅሶ በገበያ የሚሸጠውን ሳትመረምሪ ብዪ ይላታል፣ ሌላው ማተብሽን በጥሰሻል ይላታል። ቲክቶክ ላይ ፊቷን በማያውቅ ሰው የሚፈረድባት ነገር አይደለም፣ የነፍስ አባቷን ትጠይቅ።

ፆምን ከርኩሰት ጋር ማምታታት

አጭር ነው። ሥጋ በፆም የሚተወው ርኩስ ስለሆነ አይደለም። ርኩስ ቢሆን ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ባልተበላ ነበር። ዳንኤልም ቢሆን ለሦስት ሳምንት ሥጋና ጠጅ ተውኩ ያለው (10፥3) በሌላው ጊዜ ይበላ ስለነበር ነው፣ ስለዚህ "እውነተኛ ክርስቲያን አትክልት ብቻ ነው የሚበላው" የምትሉ ሰዎች ዳንኤልን ተዉት፣ ጌታ ራሱ ከትንሣኤው በኋላ የተጠበሰ ዓሣ በልቷል (ሉቃስ 24)።

ሳይነግሩ ማብላት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የማይበላ ጓደኛን አሳማ አብልቶ ከዋጠ በኋላ መሳቅ፣ "አየህ አልሞትክም" ማለት። ዲያስፖራ ግብዣ ላይ በደንብ አለ። ጳውሎስ መብል ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ የጻፈ ሰው ነው፣ ግን እሱው ራሱ ወንድሜን የሚያሰናክለው ከሆነ ለዘላለም ሥጋ አልበላም ብሏል (1ኛ ቆሮንቶስ 8፥13)፣ ነፃነቴን ላሳየው ብሎ ወጥ ውስጥ አልደበቀም። ሰውየው የሚጠብቀው ልማድም ይሁን ሕግ የሱ ኅሊና ነው። ፒዛ ስታዙ ፔፐሮኒው (ቋሊማ ያለበት) የቱ እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ጻፉበት፣ ፔፐሮኒ ብዙውን ጊዜ አሳማ እንዳለበት የማያውቅ ሰው ዛሬም ሞልቷል።